ፈቃደኝነት በነጥብ ሲለካ፦ የጀማሪ ውሾች የታዛዥነት ውድድር ታሪክ

በጥቅምት ወር 1933 ዓ.ም. ከኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን በምትገኘው በማውንት ኪስኮ፣ በአንድ ባለጸጋ ርስት ሣር ላይ ስምንት ውሾች ከነመሪዎቻቸው ተሰለፉ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ከስምንቱ ሁለቱ ላብራዶር፣ ሦስቱ ፑድል፣ ሁለቱ ስፕሪንገር ስፓኒየል፣ አንዱ ደግሞ ጀርመን ሸፐርድ ነበሩ። ለማየት የተሰበሰበው ሰው 150 ያህል ነበር። በዚያን ቀን የተመረመረው እንደ ተለመደው የውሾች ትርዒት የጠጕራቸው ጥራት፣ የጆሮአቸው አወዳደቅ ወይም የጀርባቸው ቅን መሆን አልነበረም። የተመረመረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ውሻው የሰውን ቃል ሰምቶ ይፈጽማል ወይስ አይፈጽምም የሚለው ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች «የታዛዥነት ውድድር» እየተባለ የሚካሄደው ሥራ በአሜሪካ ምድር የተጀመረው በዚህ አኳኋን ነው።

የፈተናው ጠንሳሽ ወይዘሮ ሄለን ዋይትሃውስ ዎከር ሲሆኑ፣ ሜዳውም የአባታቸው ነበር። ወይዘሮ ዎከር ትልልቆቹን ፑድሎች ያረቡ ነበር። ፑድል በዚያን ዘመን በሕዝብ ዘንድ የነበረው ስም የሚያኮራ አልነበረም። ወገቡ ተላጭቶ፣ ደረቱ ጐፍሮ፣ ቍርጭምጭሚቱ ላይ እንደ አምባር ጠጕር ቀርቶለት ሲታይ፣ የእመቤቶች ጌጥ ነው ከማለት በቀር ቁም ነገር ያለው እንስሳ አድርጎ የሚቈጥረው ጥቂት ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፑድል በጥንት ሥራው አዳኝ የመታውን ዳክዬ ከውሃ ውስጥ እየዋኘ የሚያመጣ ውሻ ነበር፤ ያ የሚያስቀው የጠጕር አቈራረጥ እንኳ ሲዋኝ እንዲቀለው፣ መገጣጠሚያዎቹም ከብርድ እንዲጠበቁ ከማሰብ የመጣ ነው ይባላል። ወይዘሮ ዎከር ይህን በቃል ተከራክረው ከማስረዳት ይልቅ በሥራ ለማሳየት ቈረጡ። ነገሩ ሲጀመር ከእልኽ የመነጨ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ሐሳቡን ግን ከባዶ አልፈጠሩትም። በእንግሊዝ አገር የበግ፣ የፖሊስና የጦር ውሾች ማኅበር የሚባል ድርጅት ተመሳሳይ ፈተናዎችን ያካሂድ ስለ ነበር፣ አብነቱን የወሰዱት ከዚያ ነው። የእንግሊዞቹም ሥራ ቢሆን የራሱ ምንጭ ነበረው። በቤልጅግ የጌንት ከተማ ፖሊስ ከ1899 ጀምሮ ለሌሊት ጥበቃ ውሾችን በሥርዓት ማሠልጠን ጀምሮ ነበር። በፕሩስያም ኮንራድ ሞስት የተባሉ የፖሊስ ሹም ከ1906 ጀምሮ የፖሊስ ውሾችን ሲያሠለጥኑ ቈይተው በ1910 ስለ ውሻ ሥልጠና መጽሐፍ አሳተሙ። ሞስት ውሻ የሚማረው የሥራውን ውጤት እያየ መሆኑን የተረዱ አስተዋይ ሰው ነበሩ፤ ሥልጠናቸው ግን ግዴታ የበዛበት፣ ትእዛዙም የወታደር ሰፈር ቃና ያለው ነበር። ስለዚህ ወይዘሮ ዎከር ያንን ሥርዓት ወደ መኖሪያ ቤት ሲያስገቡ፣ ከፖሊስና ከጦር ሠራዊት የተወረሰ ነገር አብሮ ገባ። ይህ ውርስ በኋላ ላይ ለተነሣው ክርክር ሥር ስለ ሆነ ከወዲሁ ማስታወሱ ይጠቅማል።

የንጹሕ ዘር ውሾችን መዝገብ የሚይዘው የአሜሪካ ኬነል ክለብ በ1884 የተመሠረተ ድርጅት ነው። ለግማሽ ምእት ዓመት ያህል ዋና ሥራው የመልክና የዘር ጕዳይ ነበር። ወይዘሮ ዎከር ፈተናዎቹን ደጋግመው ካሳዩና ደንቡን ከነአፈጻጸሙ አዘጋጅተው ካቀረቡ በኋላ፣ ክለቡ በ1936 የመጀመሪያውን የታዛዥነት ፈተና ደንብ አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ውድድሩ የአንዲት ወይዘሮ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ሕግ ያለው፣ ዳኛ የሚሾምበትና ማዕርግ የሚሰጥበት ሥራ ሆነ።

ደንቡን ወደ ሕዝብ ያደረሰችው ግን የደንቡ ወረቀት አይደለችም። ወይዘሪት ብላንሽ ሳውንደርስ የተባሉ ሴት በ1934 ወይዘሮ ዎከር ዘንድ ውሾችን ለመንከባከብ ተቀጥረው ነበር። በ1937 ሁለቱ ሴቶች ከመኪናቸው ኋላ ተጐታች ቤት ቀጥለው፣ ሦስት ፑድሎች ይዘው ከኒው ዮርክ ተነሡ። ቴክሳስንና ካሊፎርንያን አካልለው እስኪመለሱ ድረስ ከ10,000 ማይል በላይ ተጓዙ። ባገኙት የውሻ ትርዒት ሁሉ ሜዳ እያስከፈቱ፣ ውሻ ያለ ማሠሪያ ሲከተል፣ ሲጠራ ሲመጣ፣ ተቀመጥ ሲባል ሲቀመጥ አሳዩ። በዚያ የኢኮኖሚ ችግር ዘመን ሁለት ሴቶች ብቻቸውን ያን ያህል መንገድ መሄዳቸው ራሱን የቻለ ወሬ ነበር። ወይዘሪት ሳውንደርስ በ1946 ባለ ውሻውን ራሱን ስለ ማሠልጠን የሚናገር መጽሐፍ ያሳተሙ ሲሆን፣ በ1964 እስኪሞቱ ድረስ በአሜሪካ ውስጥ የዚህ ሙያ ታላቅ መምህር ሆነው ኖረዋል። ወይዘሮ ዎከር ያረፉት በ1986 ነው።

እንግዲህ ዳኛው በጀማሪዎች ሜዳ ላይ ቆሞ የሚመለከተው ምንድን ነው? ደንቡ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል፤ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ጸንቶ የኖረው የጀማሪዎች ሥርዓት ግን ስድስት ልምምዶች የያዘና ጠቅላላ ነጥቡ 200 ነበር። በማሠሪያ ሆኖ መከተል 40፣ ያለ ማሠሪያ መከተል 40፣ ለምርመራ መቆም 30፣ ሲጠሩ መምጣት 30፣ ከሌሎች ውሾች ጋር ተሰልፎ ለ1 ደቂቃ ተቀምጦ መቈየት 30፣ ለ3 ደቂቃ ተኝቶ መቈየት 30 ነጥብ ነበራቸው። ለማለፍ 170 ነጥብ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ደግሞ ከእያንዳንዱ ልምምድ ከግማሽ የበለጠ ነጥብ ማግኘት ግዴታ ነው። ይህ ሁለተኛው ገደብ የታሰበበት ነው። በሌላው ሁሉ የበለጠ፣ ሲጠሩት ግን የማይመጣ ውሻ ማለፍ የለበትምና። በዚህ ሁኔታ ሦስት ጊዜ ያለፈ ውሻ «ባልንጀራ ውሻ» የሚል ማዕርግ ያገኛል። ከማዕርጉ ስም እንደሚታየው፣ ደንቡን ያወጡት ሰዎች የጀማሪውን ውሻ ያሰቡት እንደ ዘበኛ ወይም እንደ ወታደር አይደለም።

በመከተል ልምምድ የውሻው ቦታ በመሪው ግራ ነው። ከራሱ እስከ ትከሻው ያለው አካሉ ከመሪው የግራ ዳሌ ጋር መስተካከል አለበት። ዳኛው «ወደ ፊት»፣ «ወደ ቀኝ»፣ «ወደ ኋላ ዙር»፣ «ቀስ»፣ «ፍጠን»፣ «ቁም» እያለ ያዛል። ወደ ፊት የቀደመ፣ ወደ ኋላ የቀረ፣ ከመሪው የራቀ ወይም እግሩ ላይ የተጠጋ፣ ሲቆሙ ጠምዞ የተቀመጠ ውሻ ነጥብ ይቀነስበታል። ጀማሪ ተወዳዳሪዎች ዳኛው የሚያየው ውሻውን ብቻ ይመስላቸዋል። ልምድ ያለው ዳኛ ግን ዐይኑን ማሠሪያው ላይ ይጥላል። ማሠሪያው ረግቦ ከተንጠለጠለ ውሻው በራሱ ፈቃድ እየሄደ ነው። ከተወጠረ ግን ልምምዱን የሚሠራው ማሠሪያው እንጂ ውሻው አይደለም።

ቀጥሎ የ8 ቍጥር ዙረት አለ። ሁለት ሰዎች 8 ጫማ ያህል ተራርቀው እንደ ምሰሶ ይቆማሉ፤ መሪው ከነውሻው በመካከላቸው እየተጠማዘዘ ይዞራል። መሪው በግራው ያለውን ሰው ሲዞር ውሻው በውስጠኛው ክብ ስለሚሆን መዝግየት አለበት፤ በቀኙ ያለውን ሲዞር ደግሞ በውጭው ስለሚሆን መፍጠን አለበት። መሪው ርምጃውን ሳይለውጥ ውሻው ርምጃውን ይለውጣል ማለት ነው። ለተመልካች እዚህ ግባ የማይባል ዙረት ቢመስልም፣ ውሻው በእርግጥ መሪውን ይከታተል እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያጋልጥ ልምምድ የለም። ቀጥ ባለ መስመር የሚሄድ ውሻ በልማድ ሊሄድ ይችላል፤ በ8 ቍጥር ላይ ግን ልማድ ብቻውን አይበቃም።

ለምርመራ መቆም የሚባለው ልምምድ ለእንስሳት ሐኪም ከሁሉ ይልቅ የቀረበ ነው። መሪው ውሻውን ያለ ማሠሪያ አቁሞ 6 ጫማ ያህል ወደ ፊት ይርቃል። ዳኛው ቀርቦ የውሻውን ራስ፣ ጀርባና ታፋ በእጁ ይነካል። ውሻው ከቦታው መንቀሳቀስ የለበትም፤ ካፈገፈገ ነጥቡን ያጣል፣ ካጕረመረመ ወይም ሊነክስ ከቃጣ ጕዳዩ ከነጥብም ያልፋል። ያልታወቀ ሰው እጅ ሲያርፍበት ጸጥ ብሎ የሚቆም ውሻ፣ በሕክምና ጠረጴዛ ላይ አፉን በገመድ ማሰር የማያስፈልገው ውሻ ነው። በመሆኑም ይህ 30 ነጥብ ከጌጥ ይልቅ ለኑሮ የተደለደለ ነው።

ጥሪው ግን የልምምዶቹ ሁሉ ልብ ነው። መሪው ውሻውን አስቀምጦ ወደ ሜዳው ወዲያኛው ጫፍ ይሄዳል፤ ዞሮም አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራዋል። ውሻው በፍጥነትና በቀጥታ መጥቶ፣ መሪው እግሩን ሳያነሣና ክንዱን ሳይዘረጋ ራሱን ሊነካው እስኪችል ድረስ ቀርቦ ፊት ለፊቱ መቀመጥ አለበት። ከዚያም ሲታዘዝ ወደ ግራ ጎን ይዞራል። ሳይጠሩት የመጣ ወይም በመጀመሪያው ጥሪ ያልመጣ ወድቋል። ዳኛው በዚህ ልምምድ ላይ የሚያየው መድረሱን ብቻ አይደለም፤ አመጣጡንም ነው። አንዱ ጆሮውን አቁሞ እየሮጠ ይመጣል፤ ሌላው ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ፣ ጅራቱን ወሽቆ፣ ከንፈሩን እየላሰ፣ እንደ ተከሳሽ እየቀረበ ይመጣል። ሁለቱም መጥተዋል፤ ሁለቱም ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጥያቄው ሁለቱ አንድ ዓይነት ነጥብ ይገባቸዋልን? የሚለው ነው።

የደንቡ መልስ «አይገባቸውም» የሚል ነው። የአሜሪካው ደንብ ዳኛው በአእምሮው የፍጹም አሠራርን ሥዕል ይዞ፣ እያንዳንዱን ውሻ ከዚያ ሥዕል ጋር እያስተያየ ግማሽ ግማሽ ነጥብ እየቀነሰ እንዲሄድ ያዛል። በዚያ ሥዕል ውስጥ የሥራው ጥንቃቄ ብቻ አልተቀመጠም፤ የውሻው ፈቃደኝነትና ደስታ፣ የመሪውም ለስላሳና ተፈጥሮአዊ አያያዝ አብረው ተጽፈዋል። ከዚህም አልፎ ፈቃደኝነት ወይም ደስታ የጐደለው ውሻ ነጥብ እንዲቀነስበት፣ እንደ ወታደር የሚንቀሳቀስ ወይም በቍጣ የሚያዝ መሪም እንዲቀጣ በግልጽ ይደነግጋል። በጩኸት ማዘዝም በደንቡ ዘንድ ክፉ አስተያየት የሚያሳድር ነገር ነው፤ በደንብ የሠለጠነ ውሻ በጫጫታ መካከል እንኳ ጩኸት አያሻውምና። ከፖሊስ ሰፈር የተነሣ ውድድር በገዛ ደንቡ የወታደርነትን መልክ የሚቀጣ ሆኖ መገኘቱ የሚያስገርም ነው። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ውርሳቸውን ያውቁት ነበር ለማለት ያስደፍራል።

ይሁን እንጂ የደንቡ ታላቅ ዐሳብ የደንቡ ታላቅ ድካምም ነው። የአቀማመጥ መጣመም በዐይን ይለካል። የማሠሪያ መወጠርም ይታያል። ደስታ ግን በምን ይለካል? ጠምዞ ለተቀመጠ ውሻ ግማሽ ነጥብ የቀነሰ ዳኛ ምክንያቱን በጣቱ ማሳየት ይችላል፤ ውሻህ ደስ አላለውም ብሎ ሁለት ነጥብ የቀነሰ ዳኛ ግን ከባለ ውሻው ጋር ለክርክር ይዳረጋል። ስለዚህ ዳኛ ሰው ነውና የሚያዘነብለው ሊያስረዳው ወደሚችለው ጥፋት ነው። ተወዳዳሪውም የሚያሠለጥነው ለሚቀነስበት ነገር ነው። በዚህ ምክንያት ጥንቃቄው እያደገ፣ ደስታው በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀርበት መንገድ ተከፈተ።

የሥልጠናው ዘዴም ለዚህ ረድቷል። ወይዘሪት ሳውንደርስ ራሳቸው ያስተምሩ የነበረው በትእዛዝ፣ በማሠሪያ ፈጣን ንቅናቄና ወዲያው በሚከተል ምስጋና ነበር። ምስጋናውን ከልብ ያደርጉት ስለ ነበር ዘዴው በእርሳቸው እጅ ለስላሳ ነበር። በ1962 ዊልያም ኮህለር ያሳተሙት የሥልጠና መጽሐፍ ግን ሚዛኑን ወደ ቅጣት አዘነበለ። ኮህለር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር ውሾችን ያሠለጠኑ፣ በኋላም ለዋልት ዲዝኒ ፊልሞች እንስሳትን ያዘጋጁ ሰው ነበሩ። ዘዴያቸው ውጤት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ ብዙ ውሾች በዚህ መንገድ ሠልጥነው ከፍተኛ ነጥብ አግኝተዋል። ክርክሩ የሚነሣው ነጥቡ ምን እንደሚመሰክር ሲጠየቅ ነው። በሰንሰለት ድንገተኛ መነጠቅን የለመደ ውሻ ቦታውን አይስትም፤ ነገር ግን ያለመሳቱ ምክንያት መሪውን መውደዱ ይሁን ሰንሰለቱን መፍራቱ ከወረቀቱ ላይ አይነበብም።

ሌላው መንገድ የመጣው ከውሻ ሜዳ ሳይሆን ከቤተ ሙከራና ከባሕር ነው። የስነ ልቡና ሊቁ የቢ. ኤፍ. ስኪነር ተማሪዎች የነበሩት ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ፣ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ዶሮን ሳይቀር በሽልማት ብቻ ማሠልጠን እንደሚቻል አሳዩ። ቀጥሎ የዶልፊን አሠልጣኞች ይህንኑ ዘዴ ያዙ፤ ባሕር ውስጥ ለሚዋኝ እንስሳ ማሠሪያ አይበጅለትምና ምርጫም አልነበራቸውም። ከነዚህ አንዷ የሆኑት ካረን ፕራየር በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ ዘዴውን ለብዙ ሰው አስተዋወቁ። ከዚያ ወዲህ በምግብና በጨዋታ የሠለጠኑ ውሾች በውድድር ሜዳ እየበዙ ሄዱ። በአሜሪካው ደንብ ምግብ ወደ ሜዳው ማስገባት የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ የሽልማት አሠልጣኞች ሽልማቱ በሌለበት ቦታ ደስታው እንዲቀር ማድረግን መማር ነበረባቸው። በልምምዶች መካከል ማሞገስና መዳበስ ግን ይፈቀዳል። ብልኅ ዳኛ እነዚህን ጥቂት ሰኮንዶች ነጥብ ባይሰጥባቸውም ዐይኑን አይነቅልም፤ መሪው እጁን ሲያነሣ ውሻው ወደ እጁ ይጠጋል ወይስ ከእጁ ይሸሻል? ብዙ ነገር እዚያ ይገለጣል።

ለዳኛው ዐይን ድጋፍ የሚሆን ጥናትም በኋላ መጣ። በ2007 የጣልያን ተመራማሪዎች ውሻ ባለቤቱን ሲያይ ጅራቱን ወደ ቀኝ አዘንብሎ እንደሚወዘውዝ አስተዋሉ። በ2020 የታተመ አንድ የፖርቱጋል ጥናት ደግሞ 92 ውሾችን መረመረ። በቅጣት ዘዴ የሚሠለጥኑት ውሾች በሥልጠናው ጊዜ ከንፈር መላስንና ማዛጋትን የመሰሉ የጭንቀት ምልክቶችን አብዝተው አሳዩ፤ ከሥልጠናውም በኋላ በምራቃቸው ውስጥ ኮርቲዞል የሚባለው ቅመም ከፍ ብሎ ተገኘ። እነዚህ ምልክቶች ሁሉ በውድድሩ ሜዳ ላይ በባዶ ዐይን የሚታዩ ናቸው፤ ከምራቁ በቀር። ስለዚህ ደስታ አይለካም የሚለው ሰበብ እንደ ቀድሞው የሚያስመካ አይደለም። ዳኛ የውሻን አካል ማንበብ ከተማረ፣ ስለ ቀነሰው ነጥብ የሚናገረው አያጣም።

ደንቡም ባለበት አልቆመም። ከ2010 ጀምሮ ዘራቸው የተደባለቀ ውሾች በአሜሪካው ክለብ የታዛዥነት ውድድር እንዲገቡ ተፈቀደ፤ ታዛዥነት የዘር ጕዳይ ነው የሚባልበት ምክንያት መቼም አልነበረም። ከመደበኛው የጀማሪዎች ክፍል በታችም ለፍጹም አዲሶች የሚሆን ክፍል ተበጀ። በዚህ ክፍል ከጥሪው በቀር ሁሉም በማሠሪያ የሚሠራ ሲሆን፣ ውሻው ለምርመራ የሚቀርበው ተቀምጦ ነው፤ ዳኛውም የሚነካው ራሱን ብቻ ነው። ልምምዶቹ አምስት ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸውም 40 ነጥብ ተመድቧል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በግንቦት 1 ቀን 2018 ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የማይተዋወቁ ውሾች ያለ ማሠሪያ ተሰልፈው፣ መሪዎቻቸው ከሜዳው ማዶ ቆመው ይጠብቁ ነበር። አንዱ ተነሥቶ ወደ ጎረቤቱ ከሄደ ጠብ ሊነሣ ይችላል፤ በተረጋጋው ውሻ ላይም ባላጠፋው ጥፋት ድንጋጤ ይደርስበታል። አንዳንዶች ይህ ልምምድ ከጥንት የመጣ የእውነተኛ ታዛዥነት መፈተኛ ነው ብለው ተሟገቱለት። ሙግታቸው ከንቱ አልነበረም፤ በ1933 ከነበረው ፈተና ጋር ውድድሩን ያገናኝ የነበረ ክር ነበርና። ሆኖም በማያውቀው ውሻ መነከስን እየፈራ የሚተኛ ውሻ ደስታ እንዲታይበት መጠበቅ ከደንቡ ዐሳብ ጋር የሚጋጭ ነው። ስለዚህ በአዲሱ ሥርዓት ውሾቹ ሲሰለፉ እያንዳንዱ በማሠሪያው ሆኖ፣ መሪውም 6 ጫማ ርቆ ማሠሪያውን እንደ ያዘ ይቆማል፤ መቀመጡም መተኛቱም 1 ደቂቃ 1 ደቂቃ ሆነ። ሁለቱ ተደምረው 30 ነጥብ ብቻ ተሰጣቸው።

የተረፈው 30 ነጥብ ለአዲስ ልምምድ ተመደበ። ውሻው ብቻውን፣ ያለ ማሠሪያ፣ በሜዳው ላይ ይቀመጣል። መሪው ትቶት ወደ መግቢያው ይሄድና የውሻውን ማሠሪያ አንሥቶ ይመለሳል። ዳኛውም በዚህ መካከል መሪውን አይመለከትም፤ የሚመለከተው የሚጠብቀውን ውሻ ጆሮና ጅራት ነው።